ሲንቄን «ዱላ» ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳትሰማው አፈር ገባች። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሥራዬ ማዳመጥ ነበር። መንግሥት ከአርሲ ገብስ አብቃይ ቤተሰቦችን መርጦ ከፀሐይ እጅግ ወደራቀች ዓለም ለሰፈራ ከላከ ወዲህ፣ የሚናገሩት ሁሉ ጭላሎ ተራራ ላይ ባለው ጣቢያችን በኩል ያልፋል። እነሱ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ እኔ ለአለቃዬ በአማርኛ እተረጉማለሁ፣ እሱ ለበላይ ያስተላልፋል። ድምፃቸው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጅበታል። የመጀመሪያ ቀን የሳጉሬዋ አዴ ከዲጃ ከሰማይ ማዶ ሆነው ሲያስሉ ሰማሁ። ሰው እዚያ ድረስ ሄዶም ጉንፋን ይይዘዋል? ሱብሃነላህ አልኩ።

አንድ ጠዋት እኚሁ እናት እንዲህ አሉ፦ «የሰፈሩ አዛዥ አራስ መታ። እኛ ሴቶቹ ሲንቄያችንን ይዘን ወጥተናል። ይቅርታ ሳይጠይቅ አንገባም።» ከኋላቸው ሌሎቹ ይዘፍናሉ።

ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ማንም አይመታበትም። ሴት ስትበደል እሱን ይዛ ትወጣለች፣ ጎረቤቶቿም ይከተሏታል። በዳዩ ከሽማግሌዎች ጋር እርጥብ ሣር ይዞ መጥቶ ይለምናቸዋል፤ መርቀውት ይመለሳሉ። ይህንን ነው ያን ሁሉ ሰማይ ተሸክመውት የሄዱት። አንድ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር፣ የአየር ልብስ ለብሰው፣ ደጅ ቆመው፣ በእናታቸው በትር ፍትሕ ይጠይቃሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደንቄ አላውቅም።

ታዲያ ምን ብዬ ተረጎምኩ? «ሴቶቹ ዱላ ይዘው ወጥተዋል» አልኩ።

አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ዱላው ለመምታት ነው?» አለኝ። ጠየቀኝ እኮ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን የባላገር ወግ ማስረዳት አፈርኩ። ፈራሁም፤ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ «ለሰፋሪዎቹ ታደላለች» ተብላ ተወስዳ ቀርታለች።

«ዱላ ዱላ ነው፣ ጋሽ ተስፋዬ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ትእዛዙ ወዲያው ወጣ፦ በአመፀኞቹ ላይ የሰፈሩ በር ይቆለፍ። የልብሳቸው አየር የሚሞላው ከበሩ ወዲያ፣ ከውስጥ ነው።

ዘፈኑ ግን አልቆመም። ትእዛዙ ገና መንገድ ላይ ነበር። እነሱ አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ። ያኔ እንኳ «ተሳስቻለሁ» ብል ሁለተኛ ትእዛዝ ከኋላው ተከትሎ ይደርስ፣ በሩም ይከፈት ነበር። ለምን አላልኩም? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ቁጭ ብዬ አዳመጥኳቸው። እንዴት ያምር ነበር! በዚያ ሁሉ ጨለማ መሃል፣ ልክ አገራችን ጎበሳ ላይ እናቴ ትዘፍነው የነበረው ዜማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው እየሳሳ መጣ። አንዳንዶቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ የአዴ ከዲጃ ብቻ ቀረ። ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር።

«ቃላችንን የምታደርሺልን ልጅ» አሉ፣ «አናውቅሽም። ሴት ናት ብለውናል። የእኛው ልጅ ነሽና ሲንቄን አታጪውም፤ በትክክል ነግረሽልናል። በሩን የዘጉት ሰምተው፣ እያወቁ ነው። አንቺ ተባረኪ። ልጅሽ ይደግልሽ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

«ምን አለች?» አለ አለቃዬ።

«ምንም» አልኩ።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታው በእጃችሁ አይደለም። የሚለመኑት እነሱ ነበሩ፣ ፊት ለፊት፣ ሣር ተይዞ። ሲመረቅ አሜን ይባላል። ልጄ አድጓል፣ ጤነኛ ነው፣ ባለፈው ዓመት ዳርኩት። እኔ ግን እስከ ዛሬ አሜን አላልኩም።