ለሙሴ እግር የፈሰሰው ውሃ

ከነገሌ ቦረና ወደ ቆላው ወርደን ያቺን ራሰ በራ ኮረብታ እንድንይዝ የታዘዝነው ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ሠላሳ አንድ ነበርን። እኔ የውሃው ኃላፊ፣ አስር አለቃ ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን ሙሴ የምንለው እንግዳ በጂፕ መጣ። ፈረንሳዊ የልቦለድ ደራሲ ነው፤ ለጋዜጣም ይጽፋል። አዲስ አበባ ስለ ኖረ አማርኛ ይሞክራል። «አምስት መጽሐፍ ጻፍኩ፤ አምስቱም ውሸት» ብሎ ሳቀ። «አሁን ያየሁትን ብቻ ልጽፍ መጣሁ።» ወደድነው።

የቀረን ሁለት ጀሪካን ውሃ ነበር። የውሃው መኪና በማግስቱ ስለሚመጣ፣ እንግዳ ነው ብዬ እስኪጠግብ አጠጣሁት። እግሩንም አጠብኩት። ቦሩ የሚባል የነገሌ ልጅ ጎሸም አድርጎ በጆሮዬ አንሾካሾከልኝ።

«አስር አለቃ፣ ይንገሩት እንጂ! እኛ ቦረናዎች ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ ከተባባልን በኋላ የምንጠያየቀው ስለ ውሃ ነው። የለም ማለት ምን ነውር አለው?»

«ዝም በል! በፈረንጅ ፊት አታዋርደን!»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሙሴ ከሰዓት በኋላ ወደ ነገሌ ተመለሰ። በማግስቱ መኪናው አልመጣም። ሬዲዮናችን ከተበላሸ ሰንብቷል። የዚያን ማግስት ንጋት ላይ ተኩስ ተከፈተብን። ጠላት ከበበን። ሁለት ቀን ተዋጋን። ጥይት ነበረን፤ ውሃ አልነበረንም። ቦሩ በሁለተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መትረየሱን ለቀቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «እግሩን ባታጥቡት ኖሮ» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ረዳት ጦር ከበባውን ሰበረ። ሙሴ ከውሃው መኪና ላይ ዘሎ ወረደ። ነገሌ ላይ አዛዡ ሲጠይቀው «ውሃማ ተርፏቸዋል፣ እግሬን አጠቡኝ» ብሎት፣ ያለችው አንዲት መኪና ወደ ሌላ ምሽግ ሄዳ ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ እያለቀሰ።

ቆጠርን። አሥራ አንድ ሰው አጥተናል። ስምንቱን ጥይት ገድሏቸዋል። ሦስቱ ቁስል አልነበረባቸውም፤ አንዱ ቦሩ ነው።

ሙሴ ለጋዜጣው የጻፈውን ከዓመታት በኋላ አንድ አስተማሪ ተረጎመልኝ። ጥፋቱን በሙሉ በራሱ ላይ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ እንዳላወጣም ነገረኝ። ቦሩ ተናግሮ እንደነበረ፣ ዝም ያሰኘሁትም እኔ እንደሆንኩ ሙሴ አያውቅም። እኔም አልጻፍኩለትም። ይኸው ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩት።