ግድግዳ በኩል ያለው ጎን

ባለፈው ቅዳሜ ከሆለታ አምቦ ስገባ ገና ከበሩ ዓይኔ ያረፈው የእማዬ መኪና ላይ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ ወይን ጠጅ አሮጌ የቤት መኪና ናት። እማዬ ሁልጊዜ ግቢው መሀል ነበር የምታቆማት። ያን ቀን ግን ቀኝ ጎኗ ከግድግዳው ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በስልክ ያለኝ ትዝ አለኝ፦ «ስድሳ አምስት አልፏታል፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። መኪናዋ ላይ ጭረት ካየሽ ቁልፉን ተቀበያት።» ጭረት ገና አላየሁም፤ አቋቋሟን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ የአባዬ ነው።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናዋን የገዛት እኔ ኮሌጅ በጨረስኩበት ዓመት ነው። ሦስተኛ ባለቤቷ ነበር፤ አያያዙን ላየ ግን ከፋብሪካ በእቅፉ ያወጣት ይመስል ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበር ነገር ሁሉ ልክ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በየማታው ቀኝ ጎኗን ግድግዳ አስጠግቶ ያቆማትና «ልጆች ኳስ እንዳይመቷት ነው፤ በአንድ በኩል እንኳ ትረፍ» ይለናል። ከዚያ ያቺ የማትቀር ቃሉ ትከተላለች፦ «እዚህች ላይ አንድ ጭረት ያየሁ ቀን ከእኔ በቀር ቁልፏን የሚነካ የለም!»

እማዬ ደግሞ ከጊንጪ ቅቤ እየገዛች አምቦ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። «ሚኒባስ ውስጥ ቅቤዬን አቅፌ አብሬው መቅለጥ ሰለቸኝ» ትላለች። ስለዚህ ዕቁብ እየሄድኩ ነው እያለች መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባች፤ ያውም በሃምሳ አምስት ዓመቷ! ፈተናውን አልፋ መንጃ ፈቃዷን ከቅቤው ሚዛን ሥር ደበቀችው። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐሳቧ እጇ እስኪፈታ በእኛው መኪና ተለማምዳ ከዚያ ለአባዬ መንገር ነበር።

ጥቅምት ላይ አባዬ ጎጆ ከተማ ለቅሶ ሄደ። የጎጆ መንገድ ድንጋዩ ሆዷን ይቧጭራታል ብሎ መኪናዋን ትቶ በሚኒባስ ተሳፈረ። ገና መታጠፊያውን ሳይዞር እማዬ ቁልፉን አንስታ ነበር። አብሬያት ተቀመጥኩ። እስከ ሁሉቃ ድልድይ ሄደን ተመለስን፤ እውነቴን ነው፣ ደህና አድርጋ ነዳች። ጉዱ የፈላው ስንገባ ነው። የግቢውን የቆርቆሮ በር ነፋስ ገፋውና በሾፌሩ በኩል ጭርርር አድርጎ ሄደ።

እማዬ ስትደነግጥ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። «ያ ዋቅ! ማል ጎና? ምን እናድርግ? ምን ይዋጠኝ ልጄ!»

መለዋወጫ ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ «ጥፍርሽን አሳልፊበት፤ ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፣ ይወጣል» ብሎ ፖሊሽና ስስ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። እማዬ ጥፍሯን አሳለፈችበት፤ አልያዘውም። «ተመስገን!» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ከማዕድን ውሃው ምንጭ ልቅዳ ብላት፣ «የአምቦ ልጅ ሆነሽ? ያ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጥሎ ነው የሚሄደው» ብላ ከጎረቤት ጉድጓድ አስቀዳችኝ። የመኪናዋን በር አጥበን አደረቅነው፤ ጭረቱን በእርጥቡ ወረቀት ቀስ ብዬ ዳበስኩት፤ ከዚያማ ፖሊሹን በጨርቅ እያዞሩ ማሸት ነው። ጨርቁ ቀላ፤ ክንዴ ዛለ። በመጨረሻ ጭረቱ የለም።

እልል ልንል ራቅ ብለን አየናት። ወይ ጉድ! በሩ እንደ አዲስ ያበራል፤ ሌላው አካሏ ግን ለካ ፀሐይ በልቶት ደብዝዞ ኖሯል። በሩ «እዩኝ፣ እዩኝ» ይላል።

«አሁንማ ከጊንጪም ይታያል» አለች እማዬ። «እንግዲህ ሙሉዋን ነዋ!»

ሙሉዋን ጀመርን። ምሳችንን እዚያው ቆመን፣ ፖሊሽ በሚሸት እጃችን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። በማግስቱ ጠዋት ለቀኝ ጎኗ ብለን ከግድግዳው አወጣናት። እያሸሁ ሳለሁ ከኋላው በር ላይ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ስንዝር የምታህል መስመር ናት፤ ላይዋ ተቀብቷል። ፖሊሹ ሲነካት ቅቡ ለቀቀና ከሥሩ ጭረት ብቅ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ የእኔ የጥፍር ቀለም ነው!» አልኳት። ጠፍቶብኝ ጓደኛዬን ጠርጥሬ ያኮረፍኩበት ወይን ጠጅ የጥፍር ቀለም!

እማዬ መጀመሪያ ጭረቱን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። «ኳስ እንዳይመታት ነው አለ? አይ ኦቦ ደረጄ!» አባዬን ስትቀልድበት በኦሮምኛ ኦቦ ነበር የምትለው። ሲመጣ ልታዋርደው ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እንባዋን ጠረገችና «አምጪው ጨርቁን፤ ይሄን እኔ ራሴ ነኝ የማጠፋለት» አለች። ጨርሶ ባይጠፋም እንደ ፀጉር ቀጠነ። ስንጨርስ ራሷ ነድታ ግድግዳው ሥር መለሰቻት።

አባዬ ከሰዓት በኋላ ድንች በኬሻ አሸክሞ ገባ። መኪናዋን አየና ቆመ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ በግድግዳውና በመኪናዋ መሀል ተሸጎጠ። ሲወጣ የኮቱ ጀርባ ኖራ ሆኗል።

«ማን ነው ያጠባት?»

«እኔና ልጅህ።»

«ሁሉንም ጎን?»

«ሁሉንም» አለች እማዬ፤ «ግድግዳ በኩል ያለውንም።»

አባዬ የኮቱን ኖራ አራገፈና ቁልፉን ተቀበላት። በሾፌሩ በር ሊገባ ሲል ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ለእማዬ አጭር እግር እንደተጠጋ ነበር፤ ረስተነዋል። ወንበሩን አየ፤ እማዬን አየ። እማዬ ጓዳ ገብታ ቅቤ የነካውን መንጃ ፈቃድ አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። አገላብጦ አየው።

«ዕቁቡ ይሄ ነው?»

«ደረሰኝ» አለችው።

ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ተመልሶ ግድግዳው ጋ ተሸጎጠና የተሳፋሪውን በር ሳብ አደረገ፤ ግድግዳው ይዞት አልከፈት አለው። ቁልፉን በጣሪያዋ ላይ አሻግሮ ወረወረላት።

«በይ ወደፊት አውጪልኝ፤ በዚህ በኩል በሩ አይከፈትም።»

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ጊንጪ ገበያ አብረው ሄዱ፤ እሷ መሪውን ይዛ፣ እሱ ከጎኗ የሌለ ፍሬን እየረገጠ። ይናፍቀኛል አባዬ።

ቅዳሜ ዕለት እኔም ያው ክፍተት ውስጥ ተሸጎጥኩ። ጭረቷ አለች! የፊተኛው በር ላይ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብታ። እማዬ እንደ አባዬ ቀለም መምረጥ እንኳ አልቻለችበትም። ጥፍሬን አሳለፍኩባት፤ አልያዛትም። ስወጣ እማዬ በረንዳው ላይ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

«ወንድምሽ ነው የላከሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አንጀቴን በላችኝ። ለዓይኗ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ፤ እሱ አይቀርም። አነዳዷንም ከጎኗ ተቀምጬ አየዋለሁ። ግን በጭረት ቁልፍ የሚቀማ ቢሆን ኖሮ እኛ ቤት ቁልፍ የሚይዝ ሰው ባልተገኘ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ወደፊት አውጪልኝ፤ በዚህ በኩል በሩ አይከፈትም።»