ጉሙ ከቴሌቪዥኑ ላይ ሲገፈፍ

በወጣትነቴ ፈረስ ላይ ስወጣ ያየኝ ሰው አሁን ቴሌቪዥን ላይ ስጋልብ ቢያየኝ ለፈረሱ ያዝንለት ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። እየሳቀች ስለሆነ የምትጽፈው አንዳንድ ቦታ ብትስት በእኔ እንዳታሳብቡ።

ነገሩ የተጀመረው አጎቷ ትቶት የሄደውን አሮጌ የጌም ማሽን ከቁም ሳጥን ስር አውጥታ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር ስታገናኘው ነው። ውስጡ የፈረስ እሽቅድምድም አለ። «ይቺማ የኔ ናት!» ብዬ ጆይስቲኩን ነጠቅኳት። በበቆጂ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ ቁልቁለት ፈረስ የገራሁ ሴት በአውራ ጣት ለሚሠራ ነገር ልሸነፍ? ተሸነፍኩ። ለልጅቷ ብሸነፍ ባልከፋኝ፤ የተሸነፍኩት ለጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ባሏን ተከትላ ከሸዋ የመጣች፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አሰላ ኖራ የጋሪ ፈረስ ሲያነጥስ እንኳ አጥር የምትዘል ሴት ናት።

እኔም ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩት። እውነትም ማሽኑ ጉድ ነበር። የፈረሱ እግር ፍልጥ እንጨት ይመስላል። ሩቁ ሁሉ ጉም ነው፤ ዛፉ አፍንጫሽ ስር ሲደርስ ነው ድንገት የሚበቅለው። ፈረሶቹ ሲተፋፈጉ ደግሞ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ዘሎ ይሄዳል።

«ማሽኑ ነው የያዘኝ» እላለሁ።

«እኔስ በማን ማሽን ነው የጋለብኩት?» ትላለች ጎረቤቴ።

ሁለታችንም የማርያም ማኅበርተኞች ነን። ዘንድሮ የድግሱ ዕጣ ሲወጣ ለሷ ጥር ደረሳት፣ ለእኔ ሐምሌ። አሰላን በሐምሌ ያየ ያውቀዋል፤ እንጨቱ አይነድ፣ ጌሾው አይደርቅ፣ እንግዳው ጭቃውን ይዞ ምንጣፍ ላይ። አላስችለኝ አለና አፌን ከፈትኩ።

«ማሽኑን ላሠራውና እንወዳደር። ካሸነፍኩሽ ተራ እንለዋወጣለን።»

«ከተሸነፍሽስ?»

«ሐምሌዬን ይዤ፣ የጥርሽንም ጠላ እኔ እጠምቅልሻለሁ።»

«ምስክር ይኑርበት!» ብላ የልጅ ልጄን ጠራቻት። ማርያም ይቅር ትበለን፣ በድግሷ ቁማር ተጫወትንበት።

በማግስቱ ማሽኑን በነጠላ ጠቅልዬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሄድኩ። ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። ከላይ ያለችውን ክዳን ፈልቅቆ ባዶ ቦታ አሳየኝ።

«አዴ፣ እዚህ ጋ ተጨማሪ ሜሞሪ ይገባል። ከተበላሸ ማሽን ያወጣሁት አለኝ።»

«ፈረሱ ይፈጥናል?»

«ድግስ ያውቃሉ አይደል? ማሽኑ ወጥ ሠሪዋ ናት እንበል፤ ሜሞሪው ጠረጴዛዋ። ጠረጴዛዋ ከጠበበ ለሽንኩርቱ ጓዳ፣ ለቅቤው ጓዳ ትመላለሳለች። ያኔ ነው ምስሉ ቀጥ የሚልብዎት። ሰፊ ሲሰጧት ተራራውንም ዛፉንም አንዴ ትዘረጋዋለች፤ ጉሙም ይቀራል።»

«ስለዚህ ይፈጥናል!»

«ኧረ ይቆዩ! የሴትዮዋ እጅ ያው እጅ ነው። ጠረጴዛው ሰፋ ብለው አሥር ዓይነት ወጥ ካዘዟት እንዲያውም ትዘገያለች። ደግሞ ሁሉም ጌም አይጠቀምበትም፤ አንዳንዱ ጠረጴዛው መስፋቱንም አያውቅ። የእርስዎ ግን ያውቃል።»

እኔ የሰማሁት ያችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው፤ አስገጥሜ ተመለስኩ።

እሁድ ከሰዓት ጎረቤቴ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ገባች። የልጅ ልጄ ማሽኑን ከፍታ «እማማ፣ ጥራት ያለው ምስል ይሻልዎታል ወይስ ፈጣን? በጥራቱ ትንሽ ይከብደዋል» አለችኝ።

«ጥራት! ፈረሴን በደንብ ልየው።»

ታየ። ጉሙ ተገፈፈና ተራራው እስከ ጫፉ ወጣ፤ ልክ መስከረም ላይ ጭላሎ ከዝናብ ወጥቶ እንደሚገለጠው። የፈረሱ እግር እግር ሆነ፣ ጋማው ይበተናል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ከላይ እኔ፣ ከታች እሷ እንጋልባለን። ዳገቱን እኔ መራሁ። ቁልቁለቱ ላይ አለፈችኝ።

«ያዘኝ! አሁንም ማሽኑ ያዘኝ!»

የልጅ ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «እማማ፣ ፈረስዎ ለምንድነው አፉን የሚከፍተው?»

አየን። ድሮ ጋላቢውና ፈረሱ አንድ ላይ የተለወሰ ጭቃ ነበሩ። አሁን ጋላቢዬ ልጓሙን እስከ ደረቱ ስቦ፣ ፈረሱ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። እጄን አየሁት። የጆይስቲኩን ዘንግ ወደ ራሴ ጎትቼ ይዣለሁ፤ ጀርባዬ ሶፋው ላይ ተለጥፏል። ቁልቁለት ላይ ፈረስ እንዳይወድቅ ልጓም ይሳባል፤ አባቴ ያስተማረኝ እንዲያ ነው። ለማሽኑ ግን መሳብ ማለት ቁም ማለት ነው። ለካስ እስከዛሬ ፈረሴን አንቄ የያዝኩት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ ፈረስ አታውቅ፣ ልጓም አታውቅ፣ ዝም ብላ ወደ ፊት ትገፋለች።

«ይልቀቁት እማማ!»

ልለቀው ስል ቁልቁለቱን አየሁና እጄ እምቢ አለኝ። ጎረቤቴ ጨርሳ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችና «ማሽኑ ነው አይደል የያዘሽ?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የጥሯን ጠላ ጠመቅኩላት። ማኅበርተኛው ሁሉ ሲያመሰግናት አንዴም ስሜን አላነሳችም።

ሐምሌ ደግሞ መጣ። እርጥብ እንጨት ስነፋ ውዬ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ጎረቤቴ ከሁሉም ቀድማ መጥታ መስኮቱ ጋ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጭላሎ የት ሄደ? ነጭ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ሜሞሪ ይጨመርለት» አልኳት።

ብርጭቆዋን ዘረጋችልኝ። «አንቺ ደግሞ ጆጉን ወደ ራስሽ መሳብሽን ተይና ቅጂልኝ።»