የፒተር ውሎ

በእኛ መንደር ፒተር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የማያውቅ ሰው የለም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። አስራ ሁለት ከሩብ ላይ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን ይበላል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ አስር ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ደሴታችን ላይ አውቶቡስ የለም። ፒተርንም በዓይኑ ያየው የለም፤ ቴፕ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አውስትራሊያ ሄዶ ብርቱካን መልቀም የሚፈልግ ሁሉ ግን የፒተርን ውሎ በእንግሊዝኛ አዳምጦ፣ ደግሞም ከወረቀት አንብቦ፣ አስር ጥያቄ መመለስ አለበት። የመጀመሪያዎቹ አስር ሰዎቻችን አስሩም ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ነው እማማ ሌይታው ነገሩን በእጃቸው ያስገቡት። እማማ ሌይታው እንግሊዝኛ አያውቁም። ከደሴቲቱ የወጡትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጥርሳቸውን ለማስነቀል ዋና ከተማችን ፖርት ቪላ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ሠላሳ ዓመት መርተዋል፤ አንድ ዜማ አንዴ ከሰሙ አይጠፋቸውም። ቴፑን ተውሰው አራት ቀን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን የፒተር ውሎ ዜማ ሆኖ ወጣ። ወፍራም ድምፅ ያለን ጥያቄውን፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው መልሱን። የተሳሳተውን ሰው ጉልበቱን በቀጭን ዱላቸው ቸብ ያደርጉታል። የሚነበበውንም ወረቀት እንዲሁ፤ የትኛው መስመር የትኛው ስንኝ እንደሆነ በጣታቸው እያስያዙ በቃላችን አስጠኑን።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ሰው ተፈተነ፣ ሠላሳ አንዱም አለፈ። እኔ ስድስተኛው ነበርኩ። አውሎ ነፋሱ ጣራችንን ጠራርጎ ከወሰደው በኋላ በመንደሩ የምታዩት አዲስ ቆርቆሮ ሁሉ የፒተር ነው። እማማ ሌይታው ለድካማቸው ምንም አልተቀበሉም፤ ደጃፋቸው ላይ ጎደሬ ጥለንላቸው እንሮጥ ነበር።

እንግዲህ የራሴን ጉድ ልናገር። ሦስት ዓመት እዚያ እርሻ ስሠራ፣ የሚሉኝ ነገር አንዱም አይገባኝም ነበር። በየጠዋቱ ካቦው ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የዕለቱን ሥራ በሰዓት በሰዓት ይነግረናል። ሰሌዳው ላይም ይጽፈዋል። ሲጨርስ «ተረዳችሁ?» ይላል። እኛ መዘምራን ነንና በአንድ ድምፅ፣ ወፍራሙ ከታች ቀጭኑ ከላይ፣ «አዎ» እንላለን። ካቦው ደስ ይለዋል፣ ይስቃል። እኛም እንስቃለን። ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንደ ፒተር ቀን ነበርና ችግር አልነበረም።

አምና አንድ ቀን እንደ ፒተር ቀን አልሆነም። ካቦው እንደልማዱ ተናገረ፣ ጻፈ፣ ጠየቀ፤ እኛም «አዎ» አልን። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ በላን። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሶፔ የሚባለው ጎረቤቴ መሰላሉን ተሸክሞ በውኃ ሞተሩ በኩል ወዳለው ተክል ገባ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል መሰላሉ መሬት ላይ ወድቋል፣ ሶፔም አጠገቡ ተዘርሮ አፉ አረፋ ይደፍቃል። ማታውን ከከተማ የመጣ አስተርጓሚ ሰሌዳውን አነበበልን። በውኃ ሞተሩ በኩል የተባይ መድኃኒት ተረጭቷል፤ እስከ አስር ሰዓት ማንም እንዳይገባ፤ ይላል።

ሶፔ ከሞት ተርፎ ተመለሰ። ዛሬ ማታ ማታ የምንጠጣውን ካቫ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞም ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል። መንደሩ «ቀንተው አስደገሙበት» ይላል። እኔም ዝም አልኩ። ብናገር ሠላሳ አንዳችንም በዜማ ያለፍን ደንቆሮዎች መሆናችን ይወጣል፣ እየፈተነ ሠራተኛ የሚወስደው ወኪልም ሁለተኛ አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ፍርሃት ነው።

ዘንድሮ የፈተናው ተራ የካሎሩዋ ሆነ፤ የእማማ ሌይታው የመጨረሻ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ የሚኖሩት በሸራ ሥር ነው። ፈተናው ሐሙስ ነበር። ሰኞ ጠዋት በእማማ ሌይታው ቤት በኩል ሳልፍ እናትና ልጅ ሲለማመዱ ሰማሁ። «ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ይመለሳል» የሚለው ስንኝ ላይ ሲደርሱ መንገዴን ትቼ ቆምኩ። ካሎሩዋ ውኃ ሊቀዳ እስኪወጣ ጠብቄ ገባሁ።

«እማማ፣ በሶፔ ላይ ማንም አላስደገመበትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ኮኮነት እየፋቁ ነበር፤ መፋቁን አላቆሙም። ስጨርስ ኮኮነቱን መሬት አስቀመጡት።

«ዓመት ሙሉ ይህን በሆድህ ይዘህ ደጃፌ ላይ ጎደሬ ስትጥል ከረምክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ካሎሩዋ የሶፔ ዓይነት አይደለም። እሱ ብልህ ነው።»

«እንግዲያው ይጠይቁት። ሰዓቱን ለውጠው ይጠይቁት።»

ቁጥር በእንግሊዝኛ ከመዝሙር መጽሐፉ ያውቃሉ። ልጁ ባልዲውን አስቀምጦ ሲገባ እንዲቀመጥ አዘዙትና ያለ ዜማ፣ ቀስ ብለው፣ በእንግሊዝኛ ፒተር ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል አሉ። ቀጠሉና ፒተር ስንት ሰዓት ይነሳል ብለው ጠየቁት።

«አስራ አንድ ሰዓት» አለ ካሎሩዋ ፈገግ ብሎ።

እኔ ከሶፔ አደጋ በኋላ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ እሳቸው ደገሙት። ፒተር ዛሬ ታሟል፣ ሥራ አይሄድም። ከምሳ በኋላ የት ይሄዳል?

«ወደ ሥራው ይመለሳል።»

የእማማ ሌይታው ፊት አመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞረው «እዚያ ከሄድክ ትሞታለህ የሚለውን በእንግሊዝኛ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ሶፔ ከወደቀ በኋላ አውቄዋለሁ፤ ነገርኳቸው። ልጃቸውን ዓይን ዓይኑን እያዩ በእንግሊዝኛ «እዚያ ከሄድክ ትሞታለህ። ተረዳህ?» አሉት።

«አዎ» አለ ካሎሩዋ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ። እናቱን ሲያያቸው ደግሞ ፈገግታው ጠፋ። «ምነው እማዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

ሦስት ቀን እንዲቀር ለመኑት። አሻፈረኝ አለ። «ሠላሳ አንድ ሰው ልከሽ እኔ ጋ ስትደርሺ ነው የፈራሽው? ሚስቴ በሸራ ሥር ትውለድ?» አላቸው። ለእኔም አልቀረልኝም። «አንተ ቆርቆሮህን ካለበስክ በኋላ ነው ምክር የመጣልህ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሐሙስ ወኪሉ አቶ ታቢ በጀልባ መጣ። ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባውን ደረቅ ላይ ሳያስቀረው ለመመለስ ቸኩሏል። ፈተናው እንደወትሮው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሆነ፤ ካሎሩዋና አምስት ጓደኞቹ ተራ በተራ ገቡ። ካሎሩዋ ከአስር አስር አመጣ። አቶ ታቢ ስሙን ሲጽፍ እማማ ሌይታው ከኋላ ወንበር ተነስተው ወደ ፊት ሄዱ።

«አቶ ታቢ፣ አንድ ጊዜ ሰዓቱን ለውጠህ ጠይቅልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እንደፈለግህ። ፒተር ዛሬ አርፍዷል በለው።»

አቶ ታቢ ሳቀ። «እማማ፣ እኔ ያለኝ አንድ ቴፕ ነው። ጥያቄው አስር ነው፣ አስሩንም መልሷል። እርሻው ሰው ይፈልጋል፣ ልጅዎ ሥራ ይፈልጋል። ምን ቀረ?»

«መረዳቱ።»

ሰውየው ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። የሁላችንንም ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ፈረመና ቴፑን ወደ ቦርሳው ከተተው።

ለመሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። እማማ ሌይታው እኔን አስጠርተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «አልተረዳሁም፣ ይድገሙልኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ። ነገርኳቸው። አዲስ ዜማ አወጡለት። በጣም አጭር ነው፣ ልጅ አንዴ ሰምቶ የሚይዘው። ፒተርን እርግፍ አድርገው ተዉት፤ ጠዋትም ከሰዓትም ያቺን ብቻ፣ ዱላቸውን ወንበሩ ላይ እየመቱ፣ ካሎሩዋን ሺህ ጊዜ አስባሉት። እሱም ይላል። አሳምሮ ይላል። የዘመረ ቁጥር ግን ፊታቸውን እያየሁ እኔን ጭንቅ ይለኝ ነበር።

የሚሄዱበት ጠዋት መንደሩ ሁሉ ባሕር ዳር ወጣ። ሶፔንም ደግፈው አምጥተውታል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ እጁን ያወዛውዛል። ስድስቱ ወጣቶች ጀልባው ላይ ተደረደሩ። አቶ ታቢ ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የማናግራችሁ ብሎ ወረቀት አወጣና የጉዟቸውን ሰዓት ማንበብ ጀመረ። እኔ የያዝኩት ቅዳሜ የሚለውንና ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ቀድሞ የተነገረን ዓርብ ነበርና የሆነ ነገር ተለውጧል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ወረቀቱን አጠፈና «ተረዳችሁ?» አለ።

እማማ ሌይታው እስከ ጉልበታቸው ባሕሩ ውስጥ ገብተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያቺን አጭሯን ዜማ ያለ ድምፅ ለልጃቸው እያሏት ነው። ካሎሩዋ አያቸው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ጓደኞቹን ግራና ቀኝ አየ፣ አቶ ታቢን አየ፣ በእናቱም አፈረ።

ስድስቱም በአንድ ድምፅ «አዎ» አሉ። የካሎሩዋ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።