በሁዳዴ የሚቀቀል ቋንጣ

ልጄ ባሕር ዳር ሥራ ስትይዝ ትንሽዬ ውሻዋን እኔ ላይ ጥላ ሄደች። ቴሪየር የሚሉት ዘር ናት፤ ቁመቷ ከጉልበቴ በታች፣ ጣጣዋ ግን ከላም ይብሳል። ጸጉሯ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል። እንደ ሰፈሩ ውሻ ደጅ እንዳላሳድራት ጅብ አለ። አሁን ደግሞ አርጅታ ጥርሷ ረገፈ። ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ይዣት ብሄድ፣ የእንስሳት ሐኪሙ የተቀቀለ ሥጋ እንጂ ሌላ አይስማማትም አለኝ። ያውም በሁዳዴ! ስለዚህ ከቅበላ የተረፈኝን ቋንጣ እየቀቀልኩ፣ አድቅቄ በእጄ አጎርሳታለሁ።

ሽታው ፍኖተ ሰላምን ያዳረሰ ይመስለኛል። አንድ ቀን ወደ ማታ የነፍስ አባቴ መጡ።

"ጾም ገደፈች እያሉ ያሙሻል" አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበረኝም። ውሻዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ማጉረሴን ቀጠልኩ። ተቀምጠው አዩን።

"አንቺስ ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ?"

"እየጾምኩ ነው አባቴ" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ቅዳሴ ከወጣ ቆይቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በልቷል። እኔ ጾሜ አልነበረም። መብላቱን ረስቼው ነው።