ከምግብ በኋላ

አባቴ መስኮቴ ጋ የደረሰው ወረፋ ይዞ ነው። እኔ ጎንደር መድኃኒት ቤት የምሠራ ልጁ በጎን በር እንዲገባ ብለምነው፣ “ሰው ቆሞ እያየ?” ብሎ እምቢ አለኝ። ከመካነ ብርሃን የመጣው ራሱን ሲያዞረው ከርሞ ነው። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘለት።

ከሰዓት ላይ አፌ ብቻውን ነው የሚሠራው። በቀን አንድ፣ ጠዋት ከምግብ በኋላ፣ እንዳያቋርጡ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ሙቀት ቦታ አያስቀምጡ፣ ሲያልቅ ይምጡ። ለአባቴም ይህንኑ አነበነብኩለት፤ እንደ እንግዳ ሰው እርስዎ እያልኩ ጭምር። “ገባዎት?” ስለው ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ይነቀንቃል። “ቀጣይ” አልኩ።

ክኒኑ ምግብ አይፈልግም ነበር። ለብዙ መድኃኒት ስለምለው አፌ ለምዶት ነው።

ሁዳዴ ገባ። ስደውል “መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?” እለዋለሁ፤ “እንዳልሽኝ ነው” ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀር ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተይዞ፣ በመኪና አመጡት። እናቴ መድኃኒቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ጾሙ ከገባ ወዲህ አንድም አልተነካም።

“ምነው እማዬ፣ ለምን ተወው?”

“መች ተወው? ጠዋት ከምግብ በኋላ ብለሽው የለ? በጦም ጠዋት ምን ምግብ አለ? ከቅዳሴ መልስ ነው የሚቀምስ፤ ያን ጊዜ ጠዋቱ አልፏል። ቃልሽን ሸጋ አርጎ ነው የጠበቀ።”

ከነገርኩት ስድስት ነገር አንዷን ይዞ ኖሯል። የደከመ ሰው ብዙ ነገር ባንዴ እንደማይይዝ እኔ ተምሬ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። እኔም ራሴ ስደክም ምን እንደምሆን ግን ማንም አልፈተነኝም።

ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክኒኑ ያለ ምግብም ይሆን እንደነበር ልነግረው አሰብኩ፤ አልደፈርኩም። ሳያውቅ ሞተ።

አሁን ሰው ሲመጣ መጀመሪያ “ይጾማሉ?” እላለሁ። ከዚያ ዋናውን አንድ ነገር ብቻ ተናግሬ አስደግማለሁ፤ ሌላውን ከረጢቱ ላይ እጽፋለሁ። ወረፋው ይረዝማል፣ ባልደረቦቼ ይነጫነጫሉ። ይነጫነጩ።

“ቀጣይ” ማለት ግን ትቻለሁ። ሰውየው ዞሮ ከበሩ እስኪወጣ አየዋለሁ። አባቴ ያን ቀን ሲሄድ ቀና ብዬ አላየሁትም።