የአቡጀዲው ጠርዝ

የፊልም ማሳያው አምፖል ሲግል የአቧራ ቃጠሎ ይሸተኛል፤ ያኔ ልጅ ሆኜ አይከል ከተማ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ዘሃራ በተቅማጥ በሞተች በሳምንቱ፣ ከጎንደር የመጣ የጤና ሠራተኛ ትምህርት ቤታችን ፊልም ሊያሳይ ነጭ ጨርቅ ቸገረው። ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ከሱቁ አቡጀዲ አመጣለት። መስኮቱን በጋቢ ጋርደን አየን። ጨርቁ ላይ አንዲት እናት ውሃ አፍልታ በጨውና በስኳር በጥብጣ ለልጇ አጠጣች፤ ልጇም ከተቅማጡ ዳነ።

«ሸጋ አቡጀዲ ነው፣ አያ ሰይድ» አለ ሠራተኛው ፊልሙ ሲያልቅ።

«ካለፈው ሳምንት የተረፈ ነው» አለ አባቴ እያጠፈው። «ምነው ያኔ መጥተህ ቢሆን።»

ከምን እንደተረፈ አልገባኝም ነበር። ሳድግ ግን ገባኝ፤ ሌላ ሥራም አላሰብኩም።

ይኸው አርባ ዓመት በየትምህርት ቤቱ የጤና ፊልም አሳያለሁ። ያንኑ የአባቴን አቡጀዲ በዘረጋሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው፤ የዘሃራ ከፈን የተቆረጠበትን።